ለማላውቃት ልጅ የጻፍኳቸው መስመሮች

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ላይ፣ ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ፀጉሩን በጥንቃቄ የተከረከመ አንድ ጎረምሳ ተጠጋኝ።

«ግጥም የምትጽፊው አንቺ ነሽ አይደል?»

ነኝ አልኩት።

«ሁለት መስመር ብቻ ጻፊልኝ። ለአንዲት ልጅ የምልክላት ነው። የእኔ ቃል አይጥማትም።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ስሟ ምን ያደርግልሻል?»

አልጽፍም ብዬው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። «ወይ ኩራት!» ሲል ከኋላዬ ሰማሁት። ኩራት አልነበረም። ልጁ ምናልባት የዋህ አፍቃሪ ይሆናል፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። እኔ ግን በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ስሟን ሳልጠይቅ፣ ለአንዲት ልጅ አንድ ወር ሙሉ ጽፌያለሁ።

ወልቂጤ ነበርን፤ አሥራ አንደኛ ክፍል። ከእምድብር ወዲያ ካለው ሰፈራችን ከጓደኛዬ ከሰዓዳ ጋር መጥተን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የገጠር ተማሪ ኑሮው እንዲህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ወደ ቤት ይሄዳል፤ እሑድ ቆጮውን በኮባ ጠቅልሎ፣ ጎመንና አይቡን ይዞ፣ ጉልበቱ ላይ ስንቁን እንዳቀፈ በሚኒባስ ይመለሳል። ሰዓዳ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነበርን። ሥጋ ሲመጣ ለየብቻችን እንበላለን፤ ሌላውን ሁሉ ከአንድ ሳህን። አዋቂ የሌለበት ቤት ነበር። ቁልፉም በሩም የእኛ። ያኔ ነፃነት ይመስለን ነበር። አሁን ሳስበው በሩ ከውስጥ የሚያዘው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ነበር።

የግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዝናብ ቀደመን። ሮጠን ገብተን ልብሳችንን እየጨመቅን ሳለ ሰዓዳ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?»

«አባቴ ከማሳ ሲገባ ደጃፉ ላይ እግሩን እየመታ ጭቃውን ያራግፍ ነበር። ዝናብ ሲጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ ሲያርፉ፣ አሁንም እሱ የመጣ ይመስለኛል። በር ልከፍት እነሳለሁ።» ከዚያ ቶሎ ብላ ሳቀች። «ለማንም እንዳትናገሪ፤ አብዳለች ይሉኛል።»

አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። አልናገርም አልኳት። አልተናገርኩምም። ጻፍኩት።

ፍቃዱ የሚባል ሰው ነበር፤ ከመናኸሪያው በታች ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ላባዛ ገብቼ ከደብተሬ ጀርባ የጻፍኩትን ግጥም አይቶ ጮክ ብሎ አነበበው። ቤተሰቦቼ ግጥም መጻፌን አያውቁም ነበር፤ አስተማሪዎቼ ቢያውቁም ደብተር ማባከን ነበር የሚሉት። እሱ ግን በኮምፒውተር ጽፎ፣ ዙሪያውን ሐረግ አስገብቶ፣ በወፍራም ወረቀት አትሞ ሰጠኝ። ከታች ስሜ ነበር። ያን ወረቀት ይዤ ወደ ቤት ስሄድ ጭቃውን አልረገጥኩም ብል የሚያምነኝ አለ?

«አንቺን ወልቂጤ አትችልሽም» አለኝ። «እኔ ደግሞ እጮኛ አለችኝ፤ የምጽፍላት ቃል ግን የለኝም። ታግዢኛለሽ?»

እኔ በደብተር እጽፋለሁ፤ እሱ በስልኩ ገልብጦ ይልካል። በየሦስት መልእክቱ አንድ ግጥሜ ይታተማል። መጀመሪያ ስለ ዓይን፣ ስለ ጨረቃ ጻፍኩለት። ጨረቃው አልሠራም መሰለኝ፣ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦

«አባቷ የሞተባት ልጅ ናት። እሱን ነካ አድርጊልኝ። ሳይከፋት፣ ግን እንድታለቅስ።»

የእኔ አባት በሕይወት ነው። ስለ ሞተ አባት የማውቀው ሰዓዳ የነገረችኝን ብቻ ነበር። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዝናቡ ሲጀምር ደጅሽ ላይ ጭቃ የሚያራግፍ እግር ከሰማሽ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈቺልኝ።» ፍቃዱ ሁለቴ አነበበና አፉን በእጁ ሸፈነ። «አንቺ ልጅ ታስፈሪያለሽ» አለኝ። ተደሰትኩ።

ሁሉን አያለሁ ባይ ነበርኩ። ሰዓዳ አዲስ ስልክ ስትይዝ አይቻለሁ፤ «አጎቴ ላከልኝ» ስትል አምኛለሁ። እያነበበች ስትስቅም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞርም አይቻለሁ። ያየሁትን ግን አንዱን ከአንዱ አላገናኘሁትም።

ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ዩኒፎርማችንን እያጠብን ነበር። ሰዓዳ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ስልኳን አወጣች።

«አንድ ሰው አለ። ላንብብልሽ፤ ከሳቅሽ ግን ወላሂ ውሃውን እደፋብሻለሁ።» አነበበች። ዝናብ፣ ደጅ፣ ጭቃ፣ እግር። «ነግሬው አላውቅም እኮ! እንዴት አወቀ? ይሄ ሰው አላህ የላከልኝ ነው።»

እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ። ሌላውንም ነገረችኝ። ሰኞ ጠዋት አብራው አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። እህቱ ቤት ትቆያለች፣ ፓስፖርት ይወጣል፣ ከዚያ ዓረብ አገር፤ ሁለት ዓመት ሠርታ ለእናቷ ቤት ትሠራለች፣ ከዚያ ሠርግ። ለጉዞው የሚጠየቀውን የስምንተኛ ክፍል ካርዷን ሰጥታዋለች። ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ጥሩ ነው» አልኩና ልብሱን ማሸት ቀጠልኩ።

እሑድ ከሰዓት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። ምን ልለው እንዳሰብኩ አላስታውስም። በሩ ግማሹ ተዘግቷል። ማሽኑ ላይ የሴት ልጆች ፎቶ ያለባቸው ካርዶች ተደራርበዋል፤ ከላይ ያለው የሰዓዳ ነበር። ዓይኔን ተከትሎ አየና ካርዶቹን በፊታቸው ደፋቸው።

«የደንበኛ ነው» አለ፤ ፈገግታው አልጠፋም። «እንኳን መጣሽ። የመጨረሻ አንዲት ጻፊልኝ። ነገ ልትመጣልኝ ነው፣ ትንሽ ፈርታለች። ፍርሃቷን ቁረጪልኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እልክላታለሁ።» ብዕሩን ሰጠኝና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፦ «አንቺም ካርድሽን ብታመጪ እኮ ጥሩ ነበር።»

ፈርቼ ነው የጻፍኩት ብል ግማሹ እውነት ነው። መስመሩ ሲመጣልኝ ግን እዚያው፣ እሱ ፊት፣ ለአፍታ ደስ ብሎኛል። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ቤት ስደርስ ሰዓዳ ቦርሳዋን እያዘጋጀች ነበር።

«አትሂጂ» አልኳት። «የሚልክልሽን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «ቀናተኛ! ለአንቺ የሚጽፍልሽ ስለሌለ ነው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መልእክት ይመጣልሻል። እንዲህ ይላል፦ ነገ ጠዋት እግርሽ ቢከብድሽ፣ የፈራው ጫማሽ እንጂ ልብሽ አይደለም።»

«ውሸታም።»

«ጠብቂ።»

ስልኩን በመሀላችን ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው። ጎረቤት ሽንኩርት ይቁላላል፤ የሰው ራዲዮ ኳስ ያስተላልፋል። አሥራ አንድ አለፈ። የሰዓዳ ፊት ላይ የማሸነፍ ፈገግታ መጣ፤ እኔም ባይመጣ ብዬ ጸለይኩ፤ ውሸታም ሆኜ ብቀር እመርጥ ነበር። ከዚያ ስልኩ ነዘረ።

ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበችው። አንድም ቃል አልተለወጠም።

ስለ እሱ አልጠየቀችኝም። «አባቴን» አለች። «አባቴን ለሱ ሰጠሽው?»

«ለሌላ ሰው መስሎኝ ነው...»

«ለሌላ ሰውስ ቢሆን?»

 

በማግስቱ ሰዓዳ ወደ እምድብር በሚሄደው የመጀመሪያ ሚኒባስ እናቷ ዘንድ ሄደች። ስትወጣ አልተሰናበተችኝም። እኔ መናኸሪያው አጥር ሥር ቆሜ የአዲስ አበባውን መኪና ተመለከትኩ። ፍቃዱ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ አንዴም ወደ አጥሩ ዞሮ ያየኝ መሰለኝ። ሰዓዳ ባለመምጣቷ አልተቆጣም። ሁለት ልጆችን አስገባና በሩን ዘጋው። በእኛ ዕድሜ ነበሩ፤ አንደኛዋ የበዓል ቀሚስ ለብሳለች። መጮህ ነበረብኝ። አጥሩን ይዤ ቀረሁ። መኪናው ከሄደ በኋላ ነው ወደ አንዲት አስተማሪዬ የሮጥኩት፣ ከእሷ ጋር ፖሊስ ዘንድ የሄድነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተቆልፎ፣ ማሽኑም ተነሥቶ ተገኘ።

ሰዓዳ ዛሬ እምድብር የልብስ ሱቅ አላት፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ለበዓል ስሄድ እገባለሁ፤ በርጩማ ታቀርብልኛለች፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ ልጆቿ ትምህርት እናወራለን። አንድ ጊዜ ስለ እናቷ ሕመም ልትነግረኝ ጀምራ፣ ፊቴን አይታ፣ ወሬውን ወደ መንገዱ አዞረችው። ተገቢ ነው። ሰው ሲነግረኝ ጆሮዬ ምን እንደሚፈልግ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የሁለቱን ልጆች ዕጣ አልሰማሁም። ፍቃዱ ሰዓዳ እኔ ጋ እንደምትኖር ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም፣ እሱንም አልደረስኩበትም። አንዳንዴ ቡታጅራ ገበያ ላይ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ስታልፍ ፊቷን ትኩር ብዬ አያለሁ። ባገኛት የምጠራበት ስም የለኝም። ያን ጠዋት መኪናው ሲነሣ፣ የበዓል ቀሚስ የለበሰችው ልጅ ስልኳን ተመልክታ፣ ከዚያ ጫማዋን ዝቅ ብላ አይታ ለብቻዋ ፈገግ ስትል ግን በመስኮቱ አይቻታለሁ።