የጳጉሜ ውርርድ

ዕቃ ሊገዛ የመጣና ዋስ ሊለምን የመጣ ሰው ገና ከበሩ ይለያያሉ። ገዢ የሚያሸሸው ዓይኑን ከዕቃው ላይ ነው፤ እንዳልጓጓ ለመምሰል። ዋስ የሚለምነው ግን ከሰውየው ላይ ነው የሚያሸሸው። ቴክኒሻኑ ያን ዕለት ሱቄ ገብቶ አንዱን ፍሪጅ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ፍሪጅ እንደማይገዛ አውቃለሁ። ቤቱ ያለውን የሸጥኩለት እኔ ነኝ።

ሱቄ ከቦሌ መንገድ ወደ ሩዋንዳ ሰፈር በሚያስገባው በኩል ነበር። ከአገር የሚወጡ ፈረንጆችን የቤት ዕቃ እየገዛሁ እሸጣለሁ። በደርግ ጊዜ የሚወጣ እንጂ የሚገባ ፈረንጅ ስላልነበረ ዕቃ አላጣሁም፤ ያጣሁት ገዢ ነው። ቴክኒሻኑ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ሲሆን ሚስቱና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከሱቄ ጀርባ ይኖር ነበር። እኔን ጋሼ ነው የሚለኝ።

"ጋሼ፣ ለትምህርት ልሄድ ነው። አሜሪካ።"

"እግዚአብሔር ይርዳህ።"

"ለገና እመለሳለሁ።"

"ጥሩ ነው።"

"ዋስ አምጣ ተብያለሁ።"

ፍሪጁን ዝጋው አልኩት። እምቢ ልለው አልችልም፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቀበሌ ታስሬ በፊርማው ያስወጣኝ እሱ ነው። የታሰርኩት ጓሮዬ ሦስት ፍሪጅ ተገኝቶ ነው። ሊቀመንበሩ "ሦስት ፍሪጅ ለአንድ ሰው ምን ያደርግለታል?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ለመሸጥ" አልኩ። ትክክለኛው መልስ ይሄ አልነበረም። ዘመዶቼ ቀበሌው በር ድረስ መጥተው ምግብ አቀብለውኝ ይመለሱ ነበር። ቴክኒሻኑ ግን ገብቶ ፈረመ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ፈርምልኝ ሲልህ ልታስብበት አትችልም። ፈረምኩ። ግዴታው ረጅም አልነበረም፦ ትምህርቱን ጨርሶ ካልተመለሰ ለወጣበት ወጪ ተጠያቂ እኔ ነኝ፣ መያዣውም ሱቄ ነው። ለሚስቴ ስነግራት "ይመለሳል አይደል?" አለችኝ። "ልጆቹ እዚህ ናቸው" አልኳት።

ቴክኒሻኑ ሄደ። ነሐሴ ላይ አንዲት የአውሮፕላን አስተናጋጅ ከእሱ የተላከ መጽሔት አመጣችልኝ። ኳስ እንደምወድ ያውቃል፤ ኳስ የሚል ቃል ስላለበት ይሆናል የላከው። ይዤው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሄድኩ። የእኛ ነገር ሁሉ የሚወሰነው እዚያ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ አንድ ባለታክሲና እኔ ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰባለን። የከፍተኛችንን ቡድኖች፣ የእንግሊዞቹን፣ የሩጫውን፣ ዝናቡ በመስቀል ዋዜማ ይዘንባል አይዘንብም ብለን ሳይቀር እንወራረድ ነበር። ማን ይበልጣል የሚለውን ግምት በቃል የማወጣው እኔ ነኝ። በገንዘብ አንጫወትም፤ ቁማር ተብሎ የሚመጣውን እናውቀዋለን። ስለዚህ የተሸነፉት ለአሸናፊው ለበዓል ሙክት ይገዛሉ። ሙክት መግዛት በየትኛውም ሥርዓት አልተከለከለም።

መጽሔቱን ሰው እንዳያይብን ከፎጣ ሥር ደብቀን አየነው። ትከሻቸው ትራስ የገባበት ያህል ያበጠ፣ ራሳቸው ላይ የብረት ቆብ የደፉ ሰዎች እየተደራረቡ ወድቀዋል።

"ይሄ ኳስ ነው?" አለ ባለታክሲው።

"ኳሱ ከሥር ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "አስር ሰው ከተነሳ በኋላ ይታያል።"

ጸሐፊው እንግሊዝኛ ስለሚችል መነጽሩን አድርጎ አነበበልን፤ አሜሪካኖች ኳስ የሚሉት ይሄን ነው። ጨዋታው የሚጀመረው እንደኛ አዲስ ዓመት በመስከረም ነው፤ ዙሩ የሚያልቀው ለገና ነው። ቡድኖቹ በየምድባቸው ተከፍለዋል። እኛ አንዱን ምድብ መረጥን፣ ቡድኖቹ አራት ስለሆኑና እኛም አራት ስለሆንን። ስማቸው አፋችን ላይ አልገባ ስላለ ቆባቸው ላይ በተሳለው ጠራናቸው፦ መልሕቁ፣ መጥረቢያው፣ ጉጉቱና ጎማው።

ከየቡድኑ ጎን ቁጥር ተጽፏል። መልሕቁ ስድስት ለአምስት። መጥረቢያው አምስት ለሁለት። ጉጉቱ ሦስት ለአንድ። ጎማው ስምንት ለአንድ።

"ያለፈው ዓመት ውጤታቸው ነው" አለ ጸሐፊው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ስምንት ለአንድ የሚያሸንፍ ቡድን ማን ይጠላል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ "ጎማው የኔ" አለ። ጸሐፊው መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ ብሎ ተከራከረ።

"አንተ አንብብ፣ እኔ ልምረጥ" አለው ፀጉር አስተካካዩ። "ቤቱ የማን ነው?"

ጸሐፊው ተናዶ ጉጉቱን ወሰደ። ባለታክሲው መጥረቢያውን። ለእኔ በስድስት ለአምስት ተንጠልጥሎ ያሸነፈው መልሕቅ ተረፈኝ።

"ነጋዴው ዛሬ ተበላ" አለ ባለታክሲው።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ውርርዱን ዘጋን። ከተዘጋ በኋላ መቀየር የለም፤ ይሄ ሕጋችን ነው፣ ብዙ ጓደኝነት ያተረፈልን ሕግ።

ጥቅምት ገብቶ የቴክኒሻኑ ሚስት ሱቅ መጣች። ደብዳቤ በሰው እጅ ደርሷታል፤ ለእኔም ቁራጭ ወረቀት ውስጡ ነበር። ውጤት ላክልን ብዬ ስለ ውርርዱ ጽፌለት ነበርና እየሳቀ ነው የመለሰልኝ። ቁጥሮቹ ውጤት አይደሉም ይላል። ገና ያልተጫወቱትን ጨዋታ አወራራጆች የገመቱበት ነው። ስምንት ለአንድ ማለት ያሸንፋል ብሎ አንድ ያስያዘ ሰው ስምንት ያገኛል ማለት ነው፤ ያን ያህል የሚሰጡት ማንም ስለማያምነው ነው። የማይረባው ጎማው ነው። ሁሉም የሚያምነው መልሕቁን ነው። ከታች ደግሞ እስካሁን መልሕቁ እየመራ መሆኑን ጽፏል።

"ደህና ነው?" አልኳት።

"ደህና ነኝ ይላል ጋሼ። ብርዱ ከብዶኛል ይላል።"

"ስለ መምጣቱስ?"

"እንግዲህ ለገና አይደል?" አለችና ደብዳቤዋን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች። እኔን አላየችኝም።

ቅዳሜ ነገሩን ስናገር ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ተወው። ልቀይር አለ። ተዘግቷል አልኩት። ጸሐፊው በበኩሉ መጽሔቱን እንደገና አንብቦ "አሻሚ ነው" አለ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ግምት የሚባለውን ነገር በደንብ ማስተማሬ ነበር፤ ያስተማርኳቸውን በምን ላይ እንደሚያውሉት ግን አላሰብኩም።

ኅዳር ላይ ደብዳቤው ቆመ። መጀመሪያ አስተናጋጇ በሌላ መስመር ተመድባ ነው አልን። ከዚያ ሌላ አስተናጋጅ መጣች፤ ምንም የያዘችው የለም። ቴክኒሻኑን አይታዋለች? አላየችውም። ሚስቱ ሱቅ መምጣት ተወች፤ በመንገድ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጥታኝ ታልፋለች። እኔም ምን ሰማሽ ብዬ አልጠይቃትም። ብጠይቃት ለሱቄ ነው የሚመስለው። በእርግጥም ለሱቄ ነበር።

ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የምሠራው ነገር አጣሁ። በንግድ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። ዕቃ ባይሸጥ ዋጋ ትቀንሳለህ፣ ቦታ ትቀይረዋለህ፣ ትወለውለዋለህ። ሰው ባይመለስ ምን ይወለወላል? እዚያ ሆኖ አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ እኔ እዚህ የሱቄን በር ብከፍት ብዘጋ እሱ ጋ አይሰማም። ልጻፍለት ብዬ ብዕር አንስቼ ነበር። ምን እለዋለሁ? ተመለስ ካልኩት ለምን እንደምለው ያውቀዋል። አትመለስ ደግሞ የምል ሰው አይደለሁም።

አንድ ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ስገባ ወሬው ተቋረጠ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አገጬን በሳሙና ለቀለቀኝና ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አስቀመጠ።

"ስንት ለስንት አላችሁ?" አልኩት።

"ምኑን?"

"እኔን።"

ምላጩ ቆመ። ባለታክሲው ወደ ውጭ ወጣ። ጸሐፊው ጋዜጣውን ከፊቱ ከፍ አደረገ፤ የፓርቲው ጋዜጣ ነበር፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲመሰጥበት አይቼው አላውቅም።

"አንተን አይደለም" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "እሱን ነው። ይመለሳል አይመለስም።"

"ስንት ለስንት?"

"ይመለሳል ላለ… ስምንት ለአንድ።"

"ማን ነው ይመለሳል ያለ?"

"ማንም የለም። እኔ ልበል ብዬ ነበር ለአንተ ስል። ግን ጎማውን ይዤ ሁለተኛ መሸነፍ…" አለና ጉሮሮዬን መላጨት ቀጠለ።

አልተቆጣሁም። እውነቱን ለመናገር ግምቱን እኔም ባወጣው ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። ብዙ ልጅ ወጥቶ ቀርቷል። ከወጣ በኋላ እዚህ ምን አለ ብሎ ይመለሳል? ከሰዓት እላፊ በፊት ቤት መግባት፣ ቅዳሜና እሁድ ስብሰባ፣ ልጆቹ ሲያድጉ ውትድርና። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ብዬ ራሴን ጠየቅኩና መልሱን ሳልጨርስ ተነሥቼ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አብረውት የሄዱት ይመጣሉ ተባለ። እሱን ጨምሮ አራት ናቸው። ሚስቱ ልጆቹን አልብሳ መጣችና "ጋሼ፣ አብረውን ይሄዳሉ?" አለችኝ። ሱቁን ዘግቼ ከኋላዋ ተከተልኩ። ከእኛ ሰፈር አየር ማረፊያው በእግር ነው። ትንሹ ልጅ መንገዱን ሁሉ ሲሮጥ ነበር። እንዳይወድቅ እጁን ያዝኩት፤ የምይዘው ነገር በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ከሰገነቱ ላይ ሆነን አየን። በደረጃው ሰው ወረደ፣ ወረደ። ከቴክኒሻኖቹ አንዱ ወረደ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ትልቅ ሬዲዮ ታቅፏል። ከዚያ አብራሪዎቹ ወረዱ። አብራሪ ከወረደ በኋላ የሚወርድ ሰው እንደሌለ የማያውቀው ትንሹ ልጅ ብቻ ነበር።

ባለ ሬዲዮው ወጥቶ ሲያገኘን ሚስቱን ሰላም አላት፣ ልጆቹን ሳመ፣ ለእኔ እጁን ብቻ ዘረጋ። ከኪሱ ለእሷ ፖስታ፣ ለእኔ የተጣጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ ሰጠን። "ይሄን ለጋሼ ስጥልኝ ብሎኛል" አለ።

የምድቡ ሠንጠረዥ ነበር። አንደኛ መልሕቁ። ጎማው መጨረሻ። አገላብጬ አየሁት፤ ጀርባው የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ነው። በእጁ የጻፈው አንድም ቃል የለም።

"ምን ይላል?" አለችኝ። ፖስታዋን ገና አልከፈተችም።

"ውርርዱን አሸንፌያለሁ ይላል" አልኳት።

ለገና ዋዜማ ሦስቱ ሙክቱን እየጎተቱ ሱቄ በር ድረስ አመጡልኝ። ከቦሌ ቡልቡላ ገበሬዎች ነው የገዙት፤ ከሚገባው በላይ ትልቅ ነው። ከእኔ ጋር ለመከራከር የሚወዱ ሰዎች ያን ቀን አልተከራከሩም። ፀጉር አስተካካዩ ገመዱን እጄ ላይ አስቀምጦ "በል እንግዲህ" አለ፣ ሦስቱም ሄዱ። እኔ ሙክቱን ይዤ ወደ ኋላ፣ ወደ ቴክኒሻኑ ቤት ዞርኩ። ልጆች ያሉበት ቤት ነው፣ በዓል ነው።

ሚስቱ ስትከፍት ሙክቱን አይታ ሳይሆን እኔን አይታ አለቀሰች። ካስገባችኝ በኋላ ቤቱን ሳየው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የቤቱ ሬዲዮ፣ መጋረጃው፣ ብርድ ልብሱ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋ ሳይቀር መሐል ላይ ተደርድሯል።

"ጋሼ፣ ሱቁን ሊወስዱ ሳይመጡብዎት ይሽጡት። ምን ያህል ያወጣል?"

ዕቃ አይቶ ዋጋ መንገር እንጀራዬ ነው። ቤት ገብቼ ወንበር ሳልስብ ጠቅላላውን የምናገር ሰው ነኝ። ቆሜ አየሁት። ዋጋውን አወቅኩት፤ ከሚፈለገው ጋር አይገናኝም። ይሄን ልነግራት አልቻልኩም።

"ከበዓል በኋላ ሱቁ የኔ መሆኑን ማን ያውቃል?" አልኳት። "የት አስቀምጠዋለሁ?"

ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"እጠራሻለሁ ይላል በደብዳቤው ጋሼ። ልጆቹን ይዤ እንድመጣ ትኬት ይልክልኛል። ይልካል?"

"ይልካል" አልኳት።

የስፌት መኪናዋን መልሼ ጥጉ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከባድ ስለሆነ። ልወጣ ስል ከግድግዳው ላይ የባሏን ኮት አወረደች። ባዶ እጅዎን አይወጡም አለች። አልፈልግም ብል ነገ ደግሞ ሬዲዮውን ይዛ እንደምትመጣ ገባኝ። ከጀርባዬ ቆማ አለበሰችኝ፤ የአንገቱን እጥፋት አስተካከለች፣ ለሥራ እንደሚወጣ ሰው።

ከጥምቀት በኋላ ሁለት ሰዎች መጡና ሱቁን አሸጉት። ብርድ ስለነበር ኮቱን ለብሼ ነው የቆምኩት። አንደኛው ሰውዬ ወረቀቱን በሩ ላይ እየለጠፈ "ሰውየውን ያውቁታል?" አለኝ። አዎ፣ ጎረቤቴ ነው አልኩ። እጄን ወደ ኪሴ ልከት ስል የኮቱ እጅጌ አጥሮኝ ወደ ላይ ተሰበሰበ። በጣም አጭር ነው። ያን ዓመት እስከ ክረምት ለብሼዋለሁ።