የደቻቱ ዮኮዙና

ወንድሜን ያስበላው ማዕረግ ነው። ማዕረጉ ደግሞ የወታደር አልነበረም፤ የጨዋታ ነበር።

ያመጣብን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሊተክል የመጣ ጃፓናዊ ነው። ወንድሜ ረዳቱ ነበር። ጃፓኑ እሁድ እሁድ ከሰፈራችን ከሳቢያን ልጆች ጋር ደቻቱ ወንዝ ይወርድና ደረቁ አሸዋ ላይ በተረከዙ ክብ አስምሮ ሱሞ ያስተምራቸዋል። ደንቡ ቀላል ነው። ከክቡ የወጣ ተሸነፈ፤ ከውስጥ እግሩ በቀር ሌላ አካሉ፣ ጣቱም ብትሆን፣ መሬት የነካ ተሸነፈ። ቡጢ የለም፣ ፀጉር መጎተት የለም። በኪሎ መከፋፈልም ስለሌለ ቀጫጫው ከወፍራሙ ጋር ይገጥማል። ሴት ደግሞ ክቡን አትረግጥም። ይህን ሲሉኝ ደሜ ፈላ፤ ቢሆንም የወንድሜን ሸሚዝ ይዤ ዳር ሳልቀመጥ የቀረሁበት እሁድ የለም።

ጃፓኑ አገሩ ገባ፣ ማዕረጉ ቀረ። አማርኛውን ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ቀላቅሎ ለሚያወራ የድሬ ልጅ የጃፓን ቃል ምን ይከብደዋል! ከታች ማኤጋሺራ፣ ቀጥሎ ኮሙሱቢ፣ ሴኪዋኬ፣ ኦዜኪ፣ ከሁሉ በላይ ዮኮዙና። በውድድሩ ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠ ከፍ ይላል፣ ያነሰ ይወርዳል። ዮኮዙና ብቻ አይወርድም። ማሸነፍ ካቃተው ራሱ ጨዋታውን ይተዋል እንጂ ከማንም ሥር አይሰለፍም።

ዮኮዙናው ወንድሜ ነበር። ኦዜኪው የቅርብ ጓደኛው፣ እናቴን እንደ እናቱ በራሱ ቋንቋ «ሆዮ» እያለ የሚጠራት የሶማሌ ባለሱቅ ልጅ ነው።

ያን ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይታፈስ ነበር። እናቴ ሰው በተሰበሰበበት እንዳይታይባት ስትለምነው ወንድሜ «አንዴ ከተሸነፍኩ እተወዋለሁ፣ ከቤትም አልወጣ» ብሎ ማለላት።

አንድ እሁድ ጓደኛው ገፍትሮ ከክቡ አወጣው። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ወንድሜ ለክቡ እጅ ነሳ፣ የአቡጀዴ መታጠቂያውን ፈታ፣ ሸሚዙን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ይኼኔ የቀበሌው ካድሬ ከድልድዩ በኩል እያጨበጨበ ወረደ።

«ጎበዞች! ቀበሌያችን የትግል ቡድን ሊያቋቁም ነው። በደረጃችሁ ተሰለፉ፤ የምንመርጠው ከላይ ጀምረን ነው» አለ።

ለኳስ ተጫዋቾቹ ማልያ የሰጠ ቀበሌ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ለቦታ ተሻሙ። አንዱ ማኤጋሺራ ሆኖ ሳለ ኮሙሱቢ ነኝ ብሎ ተገዘተ።

ጓደኛው ግን ከሰልፉ ራስ ላይ አልቆመም። «አቦ ና! ቦታው ያንተ ነው። ዮኮዙና አይወርድም። ወላሂ ካንተ ፊት አልቆምም!» ብሎ የወንድሜን ክንድ ጎተተ። ወንድሜ እኔንም ሸሚዙንም አየ። ክብር ማንን ደስ አይለውም? ሄዶ ቆመ።

ካድሬው ከላይ ያሉትን አምስቱን ወሰደ። የቀሩት ሳንመረጥ ቀረን ብለው ሲያኮርፉ አስታውሳለሁ። ጠመንጃ የያዙትን የአብዮት ጥበቃዎች ያየናቸው ከድልድዩ ማዶ፣ መኪናው አጠገብ ነው። መኪናው ወደ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ሄደ፤ ሸሚዙ እጄ ላይ ቀረ።

ከሁርሶ ወደ ሰሜን ላኳቸው። ወንድሜ አልተመለሰም። ጓደኛው በክራንች ተመለሰ፤ መርዶውንም ያመጣው እሱ ነው። ለቅሶ የመጣው ጎረቤት ወጥቶ ሦስታችን ብቻ ስንቀር እናቴ የወንድሜን ወንበር ሳበችለት።

«ተቀመጥ ልጄ።»

«አይ ሆዮ፣ ይሄ የሱ ቦታ ነው።»

ለእናቴ የዚያን እሁድ ነገር አንድም ሳላስቀር ነግሬያት ነበር።

«ያን ቀን ቦታውን ብትወስድበት ምን ነበረበት?» አለችው።

ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ከወንበሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለ።