የበያጁ የዘገየ እግር

በያጁና የእህቱ ባል አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው በሰላም የወጡበትን ቀን ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እሳትና ጭድ ናቸው። የሚገርመው ታዲያ አንድ ባንድ ውስጥ መሆናቸው ነው። በያጁ ከበሮ ይመታል፣ የእህቱ ባል ጊታር ይጫወታል፤ የባንዱ ስም «ዝገት» ይባላል፤ የሚጫወቱትም ያንን ጎረቤት በር የሚያስደበድበውን ሄቪ ሜታል ነው።

ሰው እንዲህ ዓይነቱን ሙዚቃ የሚጫወቱት ከየት እንደሚመጡ አያውቅም። ጥቁር ጃኬት ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አንጨባረው ሲያያቸው መቃብር ፈንቅለው የወጡ ይመስሉታል። የሚመጡት ከሥራ ነው። የዝገት ዘፋኝ ቀን ቀን አውቶቡስ መነሻ ላይ ቆሞ መንገደኛ ይጣራል፤ ያንን ከሆዱ የሚያወጣውን ጩኸት ያስተማረው የለም፣ ከዚያው ከሞተር ድምፅ ጋር ሲፎካከር ያገኘው ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ደግሞ ሬሳ ሣጥን ሠሪ ነው። ልምምዳቸውም በሱ ሱቅ ጓሮ ባለው መጋዘን ውስጥ ነው፤ የሣጥን ሠሪ ደንበኛ ጩኸት በዛብኝ ብሎ አያውቅማ። የእህትየው ባል ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ የሰው መንጋጋ ሲሞርድ ይውላል። ከፀጉር የቀጠነች ስህተት አታመልጠውም። ይህ አመል ጥርስ ላይ ሲሆን ሙያ ነው፣ ሰው ላይ ሲሆን ግን ጥጋብ ይሆናል።

በያጁስ? በያጁ የበርና የመስኮት ብረት ይሠራል። አባቱ ቶሎ ስለሞተ ትምህርቱን ጥሎ መዶሻ ያዘ፤ ታናሽ እህቱን በዚያው መዶሻ አስተማራት። ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ሁለት እጁ ይሠራል፣ አንድ እግሩ ብረቱን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው እግሩ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቆም ስለማይወድ መሬቱን ይደልቃል። ጥርስ ሠሪው አንድ ቀን በር ሊያሠራ መጣና ይህንን ሰማ። ዋጋ ሳይጠይቅ ደጃፉ ላይ ተገትሮ ቀረ። «ከበሮ መትተህ ታውቃለህ?» አለው። «ከዚህ የሚለየው በምኑ ነው?» አለው በያጁ፣ ቀና ሳይል። ጥርስ ሠሪው እንዲህ ተብሎ መልስ ተሰጥቶት አያውቅም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ተናናቁ። በር ሊያሠራ የመጣ ሰው ከበሮ መቺና ሚስት ይዞ ሄደ። በሩን እስከ ዛሬ አላሠራም።

የጠባቸው ሥር ግን መሰላል ነው። ባልና ሚስት ቤት ሲሠሩ የጣራውን አሸንዳ የሰቀለላቸው በያጁ ነው፣ ያውም በነፃ። ሥር ሆኖ መሰላሉን የያዘው ጥርስ ሠሪው ነበር። ስልኩ ጠራ። ስልኩን ሊያወጣ አንድ እጁን ለቀቀ፣ የሚያናግረው ሰው ድምፅ አልሰማ ሲለው ሌላኛውንም ለቀቀ። በያጁ ከነአሸንዳው ወረደና የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ጥርስ ሠሪው ለሐኪሙም ለሚስቱም «መሰላሉ ተንሸራተተ» አለ። በያጁ እህቱን አያት፤ ባሏን ክንዱን ይዛ ታለቅሳለች። ዝም አለ። ዝም ማለቱ ይቅር ማለት እንዳይመስላችሁ። ሆዱ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት፣ ቁልፍ ደግሞ የሱ ሙያ ነው።

ጀሶው ከተፈታለት በኋላ እግሩ የድሮው እግር አልሆነም። ሠርቶ ይበላል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ግን ትልቁን ከበሮ ሲመታ ትንሽ ይዘገያል፤ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል። በእግር የሚረገጠው የሱቅ ፔዳል አልመች ስላለው ከበር ማጠፊያና ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ስፕሪንግ የራሱን ሠራ። መልኩ አስቀያሚ ነው። እንደሱ ግን እግሩን የሚያውቅለት ነገር አልነበረም። ፔዳሉም ቢሆን መዘግየቱን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ሰሚው ይህን የት ያውቃል? ሰሚው የሚለው «የዝገት ሙዚቃ ይከብዳል» ብቻ ነው። ሌሎቹ ባንዶች ሲሮጡ እነሱ ጭነት እንደያዘ መኪና ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጡታል፤ ሰውም ለዚህ ብሎ ይመጣል።

ጥርስ ሠሪው ግን ዘፈን ባለቀ ቁጥር አንድ ቃል አለው።

«ዘገየህ።»

«መሰላሉን ጠይቀው» ይላል በያጁ።

ሰላምታቸው ይህ ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ከዚህ ሌላ ቃል የተለዋወጡ እንደሆነ እንጃ።

እንዲህ እየተባባሉ ሳለ ከከተማው ትልቁ አዳራሽ ግብዣ መጣ። ወንበሩ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ፣ መጋረጃው ራሱ ሞተር ያለው አዳራሽ። ዘፋኙ አውቶቡስ መነሻው ላይ የመንገደኛውን አገር ትቶ የአዳራሹን ስም ሲጣራ ዋለ። በያጁ በበኩሉ ፔዳሉን ፈታትቶ በዘይት አጠበውና መልሶ ከበሮው ላይ ገጠመው፤ ለማንም አልተናገረም እንጂ ደስ ብሎት ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ቀኑን ሙሉ በር ይሠራል፣ ሰዎች በሠራው በር ገብተው ይዘጋሉ። እሱ የሚገባባት ስፍራ ከከበሮው ኋላ ያለችው ወንበር ብቻ ናት። እሷን ከተቀማ የቀረው መዶሻ ነው።

ዝግጅቱ ሳምንት ሲቀረው እህቱ ወርክሾፑ መጣች። ከደጅ ሆና ብልጭታው እስኪቆም ፊቷን አዙራ ጠበቀች።

«ወንድም ጋሼ፣ ሥራ አስፈታሁህ።»

«ፊትሽ ልክ አይደለም። ምን ሆንሽ?»

«እሱ ልኮኝ ነው።»

«እግር የለውም እንዴ? እግር የሌለኝስ እኔ ነበርኩ።»

እህትየው መሬት መሬቱን አየች። «ማሽን ገዝቷል» አለች። «ከበሮ የሚመታ። ፍጥነቱን ስትነግረው ዝንፍ አይልም አሉ። አዳራሹ ትልቅ ስለሆነ፣ ስህተት ስለሚያጎላ፣ ለዚህች ቀን ብቻ…»

በያጁ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው። «ከበሮውስ?»

«መድረኩ ላይ ይቀመጣል። ለዓይን።»

«ባዶውን?»

«ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል።»

«ሬሳ ነው በይኛ» አለ በያጁ። «ጥሩ ነው፤ ሣጥን ሠሪውም እዚያው አለ።»

«እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?»

«አንቺ ምንም አታድርጊ። እንዲህ ብለሽ ንገሪው፤ ከበሮው የባንዱ ነው፣ ይቅበረው። ፔዳሉ ግን የእጄ ሥራ ነው። ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ወንድም ጋሼ፣ በእናታችን፣ እዚያ ሄደህ ጠብ እንዳታነሳ።»

«ጠቡማ ድሮ ተነስቷል እቱ፣ ቁጭ ብዬ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

እሷ ስትሄድ መነጽሩን መልሶ ደፋው፤ ዓይኑ ምን እንደሆነ ማንም እንዲያይበት አልፈለገም። ያን ቀን የበየደው በር ጠማማ ሆኖ ባለቤቱ አልቀበልም አለ። በያጁ ከሰውየው ጋርም ተጣላ።

ዝግጅቱ በሚቀርብበት እሁድ ከሰዓት መፍቻውን ኪሱ ከቶ በአዳራሹ የጀርባ በር ገባ። ሐሳቡ ፔዳሉን ፈትቶ፣ አንድ ስድብ ጥሎ መውጣት ነበር፤ ስድቡንም መንገድ ላይ አዘጋጅቶታል። ሲደርስ ግን መጋረጃው ተከፍቶ ሰዎቹ መድረክ ላይ ናቸው። ከበሮው እንደተባለው ጥቁር ጨርቅ ለብሶ መሀል ተጎልቷል። «አንዱ ዘፈን ይለቅና» ብሎ ከመጋረጃው ጥግ ቆመ።

ማሽኑ ጀመረ። ዱ፣ ዱ፣ ዱ፤ እውነትም ዝንፍ አይልም። ጊታሩ ገባ። ዘገየ። ቤዙ ገባ፣ እሱም ዘገየ። ዘፋኙ አፉን ከፍቶ ጠበቀ፤ ጠብቆ ሲጮህ ማሽኑ ቀድሞት ሄዷል። ልምምድ ላይ ልባቸውን ሰብስበው እየቆጠሩ ተወጥተውት ነበር አሉ። መድረክ ላይ ግን ሰው ደሙ ሲሞቅ መቁጠሩን ይተውና የለመደውን ያደርጋል፤ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ። ሦስቱም የሌለ እግር እየጠበቁ ነበር። ማሽኑ ደግሞ ማንን ይጠብቃል? ጥሏቸው ነጎደ። ሊደርሱበት ሲሮጡ እርስ በርስ ተረጋገጡ፣ ጊታሩ አንድ ቦታ፣ ቤዙ ሌላ ቦታ። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ፤ ከኋላ አንዱ ሲያፏጭ ሌላው ሳቀ።

«እሰይ» አለ በያጁ በሆዱ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።» አንዴ እሰይ አለ፣ ሁለቴም አለ። ሦስተኛው ላይ ግን አልወጣለትም። ባንዱን ከውጭ ሆኖ ሲሰማው የመጀመሪያው ነው፤ በየምቱ መሀል ያለችው ክፍተት የሱ እግር ልክ ናት። እዚያ መሀል ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓዱም እሱ ነው።

ዘፋኙ ዞር ሲል መጋረጃው ጥግ አየው። ማይኩን በእጁ አፍኖ ሮጦ መጣ። «ተቀመጥ» አለው፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ።

«ከሱ አፍ ካልሰማሁ አልቀመጥም።»

ዘፋኙ ጥርስ ሠሪውን አየው። ጥርስ ሠሪው ሁለቱንም አያቸው፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰውየው ሺህ ሰው ፊት ይዋረዳታል እንጂ በያጁን አይለምንም። ቆየና በጫማው ጫፍ የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለው። ከዚያ ለበያጁ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

በያጁ ጨርቁን ገፎ ወለሉ ላይ ጣለው፣ ተቀመጠ፣ መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ እግሩ ሥር አኖረው። ለማንም ምልክት አልሰጠም። ረገጠ። እግሩ እንደ ልማዱ ዘግይታ ወረደች፤ ጊታሩ፣ ቤዙና ጩኸቱ ግን አብረዋት ወረዱ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ቆሞ የጨፈረው ያ ያፏጨው ሰውዬ ነው ይላሉ፤ እኔ አላየሁም። እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ ጥርስ ሠሪው አንዴም ዞሮ አላየውም፣ በያጁም ከሰውየው ጀርባ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። እንደዚያ ቀን ተጫውተው አያውቁም። እንደዚያ ቀንም ተጠላልተው አያውቁም።

ሲያልቅ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ገቡ። ጥርስ ሠሪው ግድግዳውን ፊቱ አድርጎ የጊታሩን ክር በጨርቅ ይጠርጋል። በያጁ ፔዳሉን ፈትቶ ከመፍቻው ጋር ከረጢት ውስጥ ከተተ። ያዘጋጀው ስድብ ትዝ አለው፣ ሊጀምረው አፉን ሲከፍት ሌላው ቀደመው።

«ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዘገየህ።»

«መሰላሉን ጠይቀው።»

«የመጨረሻው ላይም ዘግይተሃል።»

«አንተስ የት ነበርክ? አብረኸኝ አይደል የወረድከው? እኔ ከዘገየሁ አንተም ዘግይተሃል።»

«እኔማ ስጠብቅህ ነው» አለ ጥርስ ሠሪው፣ በንዴት። «ጀሶው ከተፈታልህ ቀን ጀምሮ ስጠብቅህ ነው። እነዚህንም ጠብቁት ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ካለው በኋላ ነው ያለውን የሰማው። ጨርቁ ክሩ ላይ ቆመ። ሣጥን ሠሪው ጣራ ጣራውን አየ፤ ዘፋኙም ከተወለደ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፣ ዝም አለ።

በያጁ ከረጢቱን እንደያዘ ቀረ። ደስ አለው፣ መልሶ ደግሞ ደሙ ፈላ። ይህ ሰው «እኔ ነኝ የለቀቅኩት» ከሚል ይህን ሁሉ ዓመት እያንዳንዷን ምት ሲጠብቅ መኖር ቀሎት ኖሯል። በመጨረሻም መጠበቁ ታከተውና ማሽን ገዛ። ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ሊያቅፈው ፈለገ፣ በጥፊ ሊያጮለውም ፈለገ። ሁለቱንም አላደረገም።

ከረጢቱን ከፈተ። ፔዳሉን አውጥቶ ከጥርስ ሠሪው ጊታር ማስቀመጫ አጠገብ ወለሉ ላይ ዷ አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ፤ የበሩ ማጠፊያ መጥፎ ሥራ መሆኑን ሲያልፍ አየው።

«ማክሰኞ ልምምድ አለ» አለ በያጁ። «እንዳትዘገይ።»