ለቤት ይሆናል የተባለው ፊልም

የጋለ አምፖል ላይ ያረፈ አቧራ ሲቃጠል የሚያወጣው ሽታ አለ። መብራት ሁለት ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ፣ ያ ሽታ ከሳሎኑ አምፖል ተነሥቶ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ የያዝኩትን አስቀምጬ በሩ መዘጋቱን ሄጄ አያለሁ። ልጄ «እማ፣ ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» ትለኛለች። ማንም አይመጣም። የአባቴ የፊልም ማሽን ሽታ ነው፤ እሱ ከሸተተኝ ደግሞ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ፣ መቱ፣ መስኮቱ በቡልኮ የተጋረደበት ክፍላችን ውስጥ እገኛለሁ።

አባቴ ሸምሱ ይባል ነበር፤ መቱ ገበያ አጠገብ ልብስ ይሰፋ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ጎሬ ላይ ለአንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ ነበር የሚሠራው፤ ሰውዬው ንብረቱ ተወርሶ ሻንጣውን ብቻ ይዞ ሲሄድ፣ እቤቱ እንግዳ ሲመጣ ፊልም የሚያሳይበትን ማሽንና አንድ ሳጥን ሙሉ የፊልም ጥቅል «አንተ ታውቅበታለህ» ብሎ ሰጥቶት ሄደ። ፊልሞቹ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነበሩ። ሁሉም ውስጥ ይዘንባል፣ ሁሉም ውስጥ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሰውዬ ግድግዳ ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል፣ ሁሉም ውስጥ አንዲት ቆንጆ ሴት ትዋሻለች፣ አንድ ሰው ይገደላል፣ ገዳዩም ከሁሉ ይልቅ ደግ መስሎ የቆየው ሰውዬ ሆኖ ይገኛል። እኔ ደግ ሰው ሳይ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ቀድሜ የምጠረጥረው ከዚያ ሳጥን ተምሬ ይመስለኛል።

ክረምት የፊልም ወቅታችን ነበር። የመቱ ዝናብ ከጀመረ አያባራምና ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የማሽኑን ድምፅ ሁሉ ይውጠው ነበር፤ ቢሰማም የፈረንጆቹን ቋንቋ የሚያውቅ ስላልነበረ የሚጎድልብን ነገር አልነበረም። አባቴ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ተመልሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሱቁን ሳይከፍት፣ አንሶላውን ግድግዳ ላይ ወጥሮ አንዱን ፊልም ብቻውን ያይ ነበር። ራሱ ቀድሞ ያላየውን ለሰው አያሳይም። አንዱ ቤት ሠርግ፣ አንዱ ቤት ግርዛት፣ አንዱ ቤት የአራስ ጥየቃ ሲኖር ማሽኑን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ስለነበር፣ ባለቤቶቹ አስቀድመው መጥተው «ሸምሱ፣ ሽማግሌም ሕፃንም አለ፣ የማያሳፍር ምረጥልን» ይሉት ነበር። እሱም «ደብተሩን እዩና ንገሩኝ» ይላቸው ነበር።

ደብተሩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አባቴ ቁርአን ይቀራል እንጂ አማርኛ መጻፍ አይሆንለትም ነበርና፣ «ሙኒራ፣ ነይ እስኪ ጻፊ» ብሎ አንሶላውን እያጠፈ ይነግረኛል፣ እኔ ምንጣፉ ላይ በደረቴ ተኝቼ እጽፋለሁ። «ይሄኛው መሐሉ ላይ ያስተኛል፤ ሰዎቹ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ብዙ ያወራሉ። ለአራስ ቤት ይሆናል፣ አራሷም ትተኛበታለች።» «ይሄኛው ጥሩ ነው፣ ግን ሴትዮዋ ካልሲዋን የምታወልቅበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ በእጄ እጋርደዋለሁ። ለሠርግ ይሆናል፣ ሐጂ ካሉ አይሆንም።» «ይሄኛው ገዳዩ ሳይያዝ ያልቃል፣ ሰው ተናድዶ ይሄዳል። ለቤት አይሆንም።»

ችግሩ ስም ነበር። የፈረንጅ ስም የሚይዝልን ስላልነበረ አባቴ ሰዎቹን በመልክ ይሰይማቸው ነበር። ወፍራሙ የያዮን ማር ነጋዴ ስለሚመስል «ማር ነጋዴው» ተባለ፤ አጭሩ ቡሬ ያለውን አንጥረኛ ስለሚመስል «አንጥረኛው» ተባለ። ተመልካቹም ለምዶት፣ አዲስ ፊት አንሶላው ላይ ብቅ ባለ ቁጥር «ማንን ይመስላል? ማንን ይመስላል?» እያለ ይጯጯህ ነበር። የቡሬው አንጥረኛማ አንድ ቀን ገበያ መጥቶ «ዘንድሮስ ገደልኩ ወይስ ተገደልኩ?» ብሎ አባቴን ጠይቆታል።

አራተኛ ክፍል ልገባ በነበርኩበት ክረምት ያየው አንዱ ፊልም ላይ ግን ረጅም፣ ሪዙ የተስተካከለ፣ ሲራመድ ትከሻው የማይነቃነቅ ሰውዬ ነበር። አባቴ ድምፁን ቀንሶ «ይሄማ ሊቀመንበራችን ነው» አለ፤ የቀበሌውን ሊቀመንበር ማለቱ ነበር። ጻፍኩት። «ሊቀመንበሩ ለሰው ሁሉ ደግ ይመስላል። መጋዘን ውስጥ የሚሠራውን ማር ነጋዴው ብቻ ያውቃል፣ ፈርቶ አይናገርም። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ደረጃ ላይ በጥይት ይመታል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ለቤት ይሆናል።» የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደግሞ የተወረሰ ፎቅ ነበርና የእንጨት ደረጃ ነበረው። እናቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ «ሸምሱ፣ ተው» አለችው። «ምኑን ልተው? ፊልም እኮ ነው» አላት።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ደብተር እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ የሚገኘውም ሁሉ ሽፋኑ አንድ ዓይነት ነበር። አራተኛ ክፍል ገብቻለሁ። ጥቅምት ላይ መምህራችን የሒሳብ ደብተራችንን ሰብስቦ ሲወስድ እኔም ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ እቤት ገብቼ ቦርሳዬን ስከፍት የሒሳቡ ደብተር ቁጭ ብሏል። ለመምህሩ የሰጠሁት የፊልሙን ደብተር ነበር። በማግሥቱ መምህሩ የሁሉንም ሲመልስ የእኔን አልመለሰም፣ ቀና ብሎም አላየኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን እሱም የሚፈራው ነበረው፣ እንደዚያ ያለ ነገር አንብቦ ዝም ቢል ነገ ምን እንደሚሉት አያውቅም ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ቡናው ቀልቶ አገሩ ሁሉ ለቀማ በወጣበት ሰሞን፣ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አባቴን ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከሱቁ ወሰዱት፤ ማሽኑንና ሳጥኑንም ከቤት ጭነው ሄዱ። እናቴ ደብተሩን ፍራሽ ሥር ፈልጋ ስታጣው ተቀመጠችና «መጨረሻ ማን ነበር የወሰደው?» አለች። ለራሷም መለሰች። «አስካለ!»

እትዬ አስካለ አጥር ለአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። ነሐሴ ላይ ለእህታቸው ልጅ ቀለበት ፊልም ለመምረጥ ደብተሩን ወስደው መልሰውት ነበር፤ የእህታቸው ልጅ ደግሞ አብዮት ጠባቂ ነው። ለእናቴ ይህ በቂዋ ነበር። «መልሰውታል እኮ» አልኳት። «መልሳ ሰርቃዋለች!» አለችኝ። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ፊቷን አየሁ፣ ዘጋሁት።

እናቴ ቀኑን ሙሉ እስር ቤቱ በር ላይ ስለምትውል እትዬ አስካለ ሽሮ ሠርተው በሳህን ያመጡልን ነበር። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትቀበልና፣ በሩን ዘግታ ለውሻ ትደፋለታለች፤ ከዚያ ውሻው በልቶ ጤነኛ መሆኑን ቆማ ታያለች። ውሻው በዚያ ወር ወፈረ።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ እኔን አስጠራኝ። የእንጨቱን ደረጃ የወጣሁት እያንዳንዱን እየቆጠርኩ ነው። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«ኢንታላ፣ ኮቱ» አለኝ፤ ልጅት ነይ ማለቱ ነው። «ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«ሊቀመንበሩ ማነው?»

«ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እርስዎን ስለሚመስል ነው።»

«ማር ነጋዴውስ? ምንድነው የሚያውቀው?»

«መጋዘኑን።»

«የትኛውን መጋዘን?»

«አንሶላው ላይ ያለውን።»

በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሊስቅ ብሎ አሳለው። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «እሑድ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እናየዋለን» አለ። «የተጻፈው ፊልሙ ላይ ካለ አባትሽ ቤቱ ይገባል። ከሌለ ግን ለበላይ አካል እልከዋለሁ።» ለበላይ አካል የተላከ ሰው ሲመለስ በሰፈራችን አላየንም ነበር።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። አባቴን ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ ማሽኑን እንዲያሠራ ሲያመጡት እናቴ አላለቀሰችም፤ ዓይኗ እትዬ አስካለ ላይ ነበር። ፊልሙ ተጀመረ። ማር ነጋዴው ገባ፣ ማንም አልጮኸም። ሦስተኛው ጥቅል ላይ ረጅሙ ሰውዬ በር ከፍቶ ሲገባ ሕዝቡ ሁሉ መሬት መሬት አየ። እንዴት እንደሚመስለው! መጋዘኑ ነበር፣ ደረጃውም ነበር፣ ተኩሱም። አባቴ አንዲት ነገር አልዘለለም፤ ቢዘልል የደብተሩ ቃል ሐሰት ይሆናልና።

መብራቱ ሲበራ ሊቀመንበሩ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ይሄ ሰውዬ እኔን ይመስላል?»

«ኧረ በጭራሽ!» «ምን ሲባል!» «አፍንጫውስ ቢሆን!» አለ አዳራሹ ተሻምቶ።

«ካልመሰለኝማ» አለ ወደ አባቴ ቀስ ብሎ ዞሮ፣ «ለምን ሊቀመንበር ብለህ አስጻፍክ? የምትገድለው እኔን ነዋ።»

ሰዎቹ ይመስላል ቢሉ ሊቀመንበሩን ነፍሰ ገዳይ ነህ ማለት ነው፤ አይመስልም ቢሉ አባቴን መስጠት ነው። ከወደ ኋላ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፣ አይቀየሙኝ። እነዚህ ሁሉ ፈርተው ነው የሚዋሹት፤ ሰውዬው እርስዎን ይመስላል። ቁመናው የእርስዎ ነው፣ ሪዙ የእርስዎ ነው፣ አካሄዱም። ልብስ ሰፊ እኮ ነው፣ ዓይኑ ትከሻ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሐል አንድ ያማረ ሰው አየና፣ መቱ ውስጥ ማን ይተካከለዋል ብሎ ቢያስብ እርስዎን አገኘ። ክፋቱማ የፈረንጁ ነው። ወይስ ያንን ወፍራም ማር ነጋዴ ይመስላሉ ቢልዎት ይሻል ነበር?»

ሊቀመንበሩ ሪዙን ነካ። «ዱጋ?» አለ፣ ሕዝቡን እያየ።

«ዱጋ! እውነት ነው!» አለ አዳራሹ፣ በአንድ አፍ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ አባቴን «በር ከፍቶ የሚገባበትን ቦታ መልሰው እስኪ» አለው። አባቴ ጥቅሉን አጠንጥኖ መለሰው። ሁለት ጊዜ አየው።

አባቴ የዚያኑ ዕለት ቤቱ ገባ። ማሽኑና ሳጥኑ ቀበሌ ቀሩ። እኛ ግን አልሐምዱሊላህ ብለን እንደጨረስን እናቴ ሻይ እየቀዳች «ጠረጠርሽ ትሉኛላችሁ፤ አስካለ ባታውቅ ኖሮ እንዲህ አሳምራ የምትናገረውን ከየት አመጣችው? ቀድማ ተዘጋጅታበት ነው» አለች። እኔንም «ያቺ ጽሕፈትሽ ትበቃናለች» ብላ በጥር ከትምህርት ቤት አስወጣችኝ፤ የተማርኩት እስከዚያው ነው።

በጋው ሲገፋ እትዬ አስካለ አንድ ቀን አጥሩ ላይ ቆመው «እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?» አሏት። እናቴ ልብስ እያሰጣች፣ ፊቷን ሳታዞር «አንቺ ታውቂዋለሽ» አለቻቸው። እኔ በመሐላቸው የውሃ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር። እትዬ አስካለ ወደ እኔ አዩ፤ የሚያውቁ መሰለኝ። ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ቤታቸውን ለቅቀው ጎሬ ገቡ። እናቴ እስከሞተችበት ቀን ድረስ ስማቸው ሲነሣ፣ ክፉ ነገር እንደሰማች፣ አላህ ይማረኝ ለማለት አስተግፊሩላህ ትል ነበር።

ልጄ ዛሬ ስልኳ ላይ እንደዚያ ያሉ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች እየፈለገች ታያለች፤ አይታ ስትጨርስም ጥሩ ነው፣ አይረባም፣ ከቤተሰብ ጋር ይታያል፣ አይታይም እያለች ለማታውቃቸው ሰዎች ትጽፋለች፣ ከሥሩም ስሟን ታደርጋለች። በሩ ላይ ቆሜ «ማንን ማለትሽ ነው?» እላታለሁ። «ፊልሙን ነዋ፣ እማ» ብላ ትስቃለች። ባለፈው አንዱን ፊልም አይረባም ብላ ጽፋ፣ በማግሥቱ ደግማ አየችውና «ተሳስቼ ነበር» ብላ ጻፈች። እንዲሁ በቀላሉ። ማንም አልመጣባትም። ሻይዋን ጠጥታ ተኛች።

እኔ ያንን ቃል በአርባ ዓመት አላወጣሁትም። እትዬ አስካለ በጣም አርጅተዋል፣ ግን አሉ፣ ጎሬ ከልጃቸው ጋር ናቸው ይሉኛል። ድሮ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና የለም፣ እናቴ ትሰማለች እያልኩ አሳልፍ ነበር። ዛሬ መንገዱ ተሠርቷል፣ እናቴም የለችም፤ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ሚኒባሱ ደጄ ላይ ቆሞ «ጎሬ፣ ጎሬ» እያለ ሲጣራ እሰማዋለሁ፤ ሻርፔን አንሥቼ እስከ በሩ የሄድኩበትም ቀን አለ። እስካሁን አልተሳፈርኩም።