የዘንዶዋ ሦስት እንቁላሎች

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ጣሊያን መተማ ገብቶ ነበር፤ ገና አልወጣም ነበር። የማውቀው ይህን ያህል ብቻ ነው። እኛ ከመንገዱ ሸሽተን፣ ገንዳ ውሃ ከሚባለው አገር ወዲያ ጫካ ውስጥ በማሽላ አገዳ ጎጆ ቀልሰን እንኖር ነበር። የምንጠጣው ከአንዲት ኩሬ ነው። ሌላው ውሃ ወንዙ ነበር፤ ወንዙን ደግሞ የጣሊያን ወታደሮች ይጠብቁታል።

አንድ ቀን ሙጫ ስለቅም፣ ከኩሬዋ በላይ ካለ የከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ ነጫጭ እንቁላሎች አየሁ። የትልቅ ወፍ መሰሉኝና ሦስቱን በኩታዬ ቋጥሬ እየሮጥኩ መጣሁ። ቅርፊታቸው ሲጫኑት እንደ ራሰ ቆዳ ይሰረጉዳል። ሽታቸው የእርጥብ አፈር ነበር፤ ዛሬም ዝናብ ሲጀምር ይመጣብኛል።

የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ደምሌ ገና ሲያዩዋቸው ብድግ አሉ። «የዘንዶ ናቸው! የዚያች ግንባሯ ላይ እንደ ፋኖስ የሚያበራ ድንጋይ ያላት!» ወዲያው ውሃ ሊቀዱ የወረዱት ሴቶች ባዶ ቅላቸውን ይዘው እየጮኹ ተመለሱ። ዘንዶዋ ከጉድጓዱ ወጥታ፣ ወደ ኩሬዋ የሚያወርደውን መንገድ ዘግታ ተጋድማለች። ሕፃናቱ በጥም ያለቅሳሉ። በእኛ ዘንድ ደግሞ የዘንዶ እንቁላል የሚመልሰው ያነሳው እጅ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ከነካው አትታረቅም ይባላል። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

ታላቅ እህቴ ብቻ ተከተለችኝ። መንገዱን ሙሉ አፏ አላረፈም። «ቀስ በል፣ አንተ! ከሰበርካቸው በምትካቸው አንተን ነው የምትታቀፈው።»

«ዝም በይ!»

«እኔ ዝም ካልኩማ የጉልበትህን መንቀጥቀጥ ትሰማለች።»

ዘንዶዋ እንደ ግንድ ወፍራም ነበረች። ድንጋዩን አላየሁም፤ ዓይኗን ግን አየሁ። አንዱን እንቁላል ከጉድጓዱ አፍ አስቀመጥኩ፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ከእጄ አምልጦ ወደ እሷ ተንከባለለ። ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። ዞሬ ልሮጥ ስል እህቴ ከኋላ የኩታዬን ጫፍ ጨብጣ፣ «ጀርባህን አትስጣት። አንተ እያየሃት ና፣ እኔ እጎትትሃለሁ» አለችኝ። እንደዚያ የኋሊት እየተጎተትኩ ወጣሁ። ዘንዶዋ እንቁላሏን በአፍንጫዋ ነካ አደረገች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ጉድጓዱ አፍ ተስባ በእንቁላሎቿ ላይ ተጠቀለለች። መንገዱ ተከፈተ።

ሴቶቹ ከኩሬዋ የቀዱትን የመጀመሪያውን ቅል ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ውሃ አልጠጣሁም።

ዛሬ ያ ጫካ የሰሊጥ እርሻ ነው። ትራክተሩ ጉድጓዱንም ኩሬዋንም አንድ ላይ ደልድሏቸዋል። የልጅ ልጆቼ የቧንቧ ውሃ እየጠጡ፣ «አባባ፣ ድንጋዩ ያበራ ነበር እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ የጠጣው በዚህ እጄ ነው ብዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። እጁ የእኔ ነው፤ ኩታዬን ይዛ ያወጣችኝ ግን እህቴ ስንዱ ናት።