ጋሽ ተፈራ በዜሮ ማርሽ አልወረደም

አላመንኩም። ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ «ጋሽ ተፈራ ትናንት ወደ አሳል ሐይቅ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሞተ» ሲለኝ፣ «የትኛው ተፈራ? አጣርተህ አውራ!» ብዬ ጮህኩበት። ጅቡቲ ውስጥ ያን ቁልቁለት ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሹፌር የለማ!

ለማታውቁት፣ ጋሽ ተፈራ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከባድ መኪና ሲያመላልስ ኖሮ፣ በኋላ እኔ የጉድጓድ ውኃ መሐንዲስ ሆኜ በምሠራበት ቢሮ የመስክ መኪና ሹፌር ሆነ። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። «አንቱ ስትለኝ ወገቤን ያመኛል» ብሎ አንተ ያስባለኝ እሱ ነው።

ገና አላለቀስኩም። ይህን የምጽፈው በንዴት ነው።

በሹፌሮቹ ግሩፕ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የምትጽፉትን አንብቤያለሁ። አንዱ «የድሮ ሹፌሮች ናፍጣ ለመቆጠብ በዜሮ ይለቃሉ፤ ይኸው ውጤቱ» ይላል። አስከሬኑ እኮ ገና ሆስፒታል ነው! ከእኛው ቢሮ ደግሞ ሌላው ከሥሩ «የመጀመሪያው አይደለም፣ ከዚህ በፊትም እዚያው ፍሬን አቃጥሏል» ብሎ ጨመረበት።

ባለቤቱ አልማዝ፣ ባልባላ ሰፈር ቤቷ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ይህን አነበበች። ደወለችልኝ።

«ኢንጂነር፣ በገዛ እጁ ነው የሞተው? ለልጆቹ ምን ልበላቸው?»

መልሱን እዚሁ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት እሰጣለሁ።

በዜሮ መውረድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በእጅ ማርሽ መኪና ቁልቁለት ስትወርድ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ከሆንክ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል። መኪናው ያጉረመርማል፣ ጥርስህ ድረስ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ተይዟል። ካምቢዮውን፣ የማርሽ ዘንጉን ማለት ነው፣ ወደ ዜሮ ስታወጣው ጩኸቱ ይጠፋል፣ መሪው ይቀልልሃል። ደስም ይላል። ከዚያ በኋላ ያለህ ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዙን ይተዋል።

ይህን ያስተማረኝ ጋሽ ተፈራ ነው፣ ያውም ጫማዬን አስወልቆ። ተቀጥሬ ስመጣ አውቶማቲክ እንጂ ሌላ ነድቼ አላውቅም ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ ድንጋያማ ሜዳ ላይ አቆመኝና «አቦ፣ ይሄን የቢሮ ጫማ ወዲያ በል! ፍሪሲዮን በጆሮ አይሰማም፤ በእግርህ ስማ» አለኝ። የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ እያልኩ ስለቀው፣ መሃል ላይ ሲደርስ ውስጥ እግሬ ሥር ይርገበገብና የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። «አገኘሃት! አሁን አትቸኩልባት።» ከዚያ ወዲህ ከአለቃ ጋር ስጨቃጨቅ እንኳ በአጠገቤ ሲያልፍ «በእግርህ ስማ» ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር እኔ መሪ ይዤ፣ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ያንኑ ቁልቁለት ወረድን። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ ሲጮህ አላስቻለኝም፤ እያሠቃየሁት መስሎኝ ሳልጠይቅ ወደ ዜሮ አወጣሁት።

አዎ፣ እኔ።

ጸጥ አለ። በመስኮቱ በኩል ጥቁሩ ድንጋይ መሮጥ ጀመረ። ፍሬን ረገጥኩ፣ ያዘ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ለሰለሰ። በሦስተኛው ወለሉ ድረስ ገባ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከፊታችን መታጠፊያ አለ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል።

«ፍሪሲዮን ርገጥ» አለ፣ ሳይጮህ። «አሁን ነዳጅ ስጥ።»

«ነዳጅ? እየወረድን?»

«ስጥ አልኩህ አቦ! ሞተሩ ይድረስባት!»

ሰጠሁ። እጁን በእጄ ላይ ጭኖ ካምቢዮውን ገፋው። ማርሹ እያንቋረረ ሦስተኛ ገባ፤ መኪናው በአፍንጫው ተደፋ፣ ቀበቶው ደረቴን ቆረጠኝ። «ድገም!» ሁለተኛም ገባ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳበ፣ መታጠፊያው ጋ ሳንደርስ አቆማት። ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀና «ና ኢንጂነር፣ እንሽና። እኔም ይዞኛል» አለኝ።

ቢሮ ስንመለስ አለቃችን የተቃጠለውን ፍሬን አይቶ ማን እንደነዳ ጠየቀ። አፌን ሳልከፍት ጋሽ ተፈራ «እኔ» አለ። በኋላ ለምን ስለው «አንተ ሙከራ ላይ ነህ፣ ያባርሩሃል። እኔን የት ያገኙኛል?» ብሎ ሳቀ።

ወር ሙሉ ከመሪ አውርደው መጋዘን በር ላይ አስቀመጡት። ያን የመሰለ ሹፌር፣ ዘበኛ! እኔ ደግሞ በዚያው ወር «በቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ጽፌ፣ ፈርሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ዛሬም እዚያው አለ። «ከዚህ በፊትም አቃጥሏል» የምትሉት የእኔን ጥፋት ነው። ዝም ብዬ ስሙ ላይ እንዲቀር ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ቀትር ላይ ሄጄ መኪናውን አየሁት። ካምቢዮው ሁለተኛ ላይ ነው። አራቱንም ጎማ የሚያሠራው ማርሽም ገብቷል። ከሥሩ የከዳው የመንገዱ ጠርዝ ነው፤ የተናደበት ቦታ ይታያል። ፎቶ አንስቻለሁ፣ ለትራፊክ ፖሊስም አሳይቻለሁ። የጻፋችሁትን አጥፉ። አሁኑኑ።

ጋሽ ተፈራ፣ ይህን ከመለጠፌ በፊት ለአልማዝ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ለካ ለእሷም አልነገርካትም። ከዚያ «ያን ወር ሙሉ ምሳ የምትበላው እኮ እኛ ቤት ነበር» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።

ነገ ቀብርህ ላይ እመጣለሁ። ለልጆችህ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ።

ደህና ሁን ወንድሜ። ስምህን የመለስኩልህ አንተ ሳታየው ነው።