ወንበሮቿ የተነቀሉ መኪና

ባሌ የመኪናዋን የኋላ ወንበሮች ሲፈታ እኔ ሆዴን ደግፌ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ብሎኖቹ ዝገው ከወለሉ ጋር ተጣብቀዋል። ላምባ ያፈስባቸዋል፣ መፍቻውን በእግሩ እየረገጠ ይታገላል፣ አንዱ ሲላቀቅለት ቀና ብሎ ያየኛል፤ እንዳመሰግነው ነው። እኔ ግን ለምስጋና የሚሆን ልብ አልነበረኝም። «ፍጠን እንጂ፤ ልጁ ራሱ ወጥቶ እንዲያግዝህ ነው የምትጠብቀው?» አልሁት።

በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። የእናቴ ቤት ደጀን ነው፤ እኛ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ። ታላቅ እህቴን ባሏ «ገና ነው፣ ገና ነው» እያለ ሲያዘገያት እዚያው እቤቱ ምጥ ያዛትና ሞተች። እናቴ የደረሰችው ለቀብሯ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ አጠገቤ ሳትኖር ከወለድሁ እንደምሞት በልቤ ቁርጥ አድርጌ ይዤዋለሁ። ማንም ቢያጽናናኝ አልሰማም ነበር።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። በበቅሎ እንዳልሄድ በየመንደሩ ተኩስ አለ፣ እኔም በቅሎ ላይ የምወጣበት ጊዜ አልፏል። መኪና ደግሞ ብቻውን እንዲሄድ አይፈቀድም፤ ከወታደሩ ካሚዮን ኋላ ተሰልፎ ይጓዛል። ድልድይ ተሰበረ ሲባል ይቆማል፣ አርበኞች ታዩ ሲባል ይቆማል፤ ሰው መንገድ ላይ እያደረ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ባሌ ሾፌር ሆኖ የሚነዳትን መኪና ባለቤት፣ አንድ እስላም ነጋዴ፣ ለመናቸው። «ወንበሩ መጋዘኔ ይቀመጥ፤ ልጅቱ በቦታው ትተኛ። ሰው የሚጫነው ሌላ ጊዜ ነው» ብለው ፈቀዱ።

ወንበሮቹ ሲወጡ አንድ ሰው ተጋድሞ ሌላው በጎኑ ተቀምጦ የሚያድርበት ስፍራ ተገኘ። ወለሉ ላይ የጤፍ ጭድ ነሰነስን፣ በላዩ የበሬ ቆዳ ጀንዲ አነጠፍን፣ ዙሪያውን በአቡጀዲ ጋረድነው። የውሃው ገንቦ እንዳይንከባለል በገመድ ታሰረ። በሶና ድርቆሽ በስልቻ ተንጠለጠለ፤ ቤንዚን ስለሚያስፈራ እሳት የሚባል ነገር አይታሰብም። እውነቱን ለመናገር ደህና ጎጆ ሆና ነበር። እኔ ግን ተጋድሜ ጣራዋን ባየሁ ቁጥር ሬሳዬ የሚወጣባት ይመስለኝ ነበር።

እየቆምን እየተነሣን ሉማሜ ስንደርስ ምጡ ጀመረኝ። እዚያው አንድ የዱቄት ካሚዮን ተበላሽቶ ቆሞ ኖሯል፤ የጣሊያኑ ሹም ጆንያዎቹን የሚያሸጋግርበት መኪና ይፈልጋል። በተራ እያየ እኛ ዘንድ ደረሰና አቡጀዲውን ገለጠ። ወንበር የለም፤ አንዲት ሴት ብቻ ተጋድማለች። በጦርነት መንገድ ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ እንደማይቀር ባሌም እኔም ከቶ አላሰብንበትም። ዱቄቱ ይጫን፣ ሴቲቱ ወርዳ ሌላ መኪና ትጠብቅ ብሎ አዘዘና ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ።

ሁለት ባንዶች፣ ለጣሊያን ያደሩ ያገራችን ልጆች፣ ጆንያ ተሸክመው መጡ። ባሌ ከመጋረጃው ፊት ቆመ።

«ወልዳለች» አላቸው። «አሁን መገላገሏ ነው። አራስ ቤት ነው።»

ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ቀጥ አሉ። ቄስ ጠበል ሳይረጭ አራስ ቤት የገባ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ እዚያ የገባ እህልም አይቀመስም። ጣሊያንን ያገልግሉ እንጂ ይህን የሚሽሩበት አንጀት አልነበራቸውም። አንደኛው ጆንያውን አወረደና ወደ ሹሙ ሄዶ በጣሊያንኛ ያስረዳው ጀመር። ሹሙ ይጮኻል፣ እርሱ ራሱን ይነቀንቃል። ሌላው እዚያው ቆሞ «ዱቄቱን የምንበላው እኛ ነን እንጂ እርሱ ነው?» እያለ ያጉረመርማል።

እኔስ? የተገላገለች ሴት አታምጥም። ጋቢዬን ነክሼ ጩኸቴን ዋጥሁ። ባሌን በዚያች ሰዓት ጠላሁት። ያልተወለደውን ተወለደ ብሎ ማሟረት ምን የሚሉት ነው? እግዜር ሰምቶ እንዳለው ቢያደርገውስ፣ እንግዲህ የሚወለድ የለም ቢለውስ? ባንዳው ተመለሰና ወደ መጋረጃው ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለኝ። ምጡ ወገቤን ሰንጎ ይዞኛል።

«ማርያም ታኑርህ» አልሁ። ድምፄ ከየት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሕፃኑ ምነው አላለቀሰ ይለኛል ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ፤ አላለም። ጆንያውን አንሥተው ወደ ሌላ መኪና ወሰዱት።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ትዝ አይለኝም፤ የማስታውሰው ጭዱን ጨብጬ መያዜን ነው። ደጀን ስንደርስ ባሌ ወደ እናቴ ቤት ሮጠ። ከመኪናዋ ልወርድ ሞክሬ አቃተኝ፤ ልጁ መጥቷል። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ መጣች። «እምዬ፣ ቤት ሳልደርስ» አልኋት። መኪናዋ ላይ ወጥታ ከኋላዬ ተቀመጠችና በብብቴ ሥር እጇን አስገብታ ደረቷ ላይ አስደገፈችኝ። ጆሮዬ ሥር ስም ጠራች፤ የእኔን አይደለም፣ የሟች እህቴን ነው። «ደረስሁልሽ፣ ይኸው ደረስሁልሽ» ትላለች።

አላረምኋትም። «አቤት» አልኋት፤ ደግማ ስትጠራም «አቤት» አልሁ፤ ልጄ እስኪወለድ ድረስ በእህቴ ስም አቤት እያልሁ አማጥሁ።